አውራ ጣት ሲታመም የትኛው መደገፊያ ይመረጣል?

ከአምስቱ የእጅ ጣቶቻችን መካከል ከሌሎቹ ከአራቱ ጋር ፊት ለፊት ሊገናኝ የሚችለው አውራ ጣት ብቻ ነው። ብዕር የምንይዘው፣ ቁልፍ የምናዞረው፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ የምናስገባውና እንጀራ ቆርሰን የምንጠቀልለው በዚህ ችሎታው ነው። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ለአካል ጉዳት መመዘኛ ያዘጋጀው መምሪያም አውራ ጣት ከእጅ ጠቅላላ ተግባር 40 በመቶ ያህሉን እንደሚሸፍን አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለሆነም ይህ ጣት ሲታመም ተማሪው ከጽሑፉ፣ እናት ልጇን ከማቀፍ፣ ልብስ ሰፊው ከመቀሱ ይስተጓጎላሉ።

አውራ ጣቱን ያመመው ሰው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚያስበው ጣቱን በአንድ ነገር አስሮ ማሳረፍን ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ የሚመጣው ወደ መድኃኒት ቤት ወይም ወደ ሕክምና መሣሪያ መሸጫ ሲሄድ ነው። ሐኪሞች ስፕሊንት የሚሉት የእጅ መደገፊያ በብዙ ዓይነት ይሠራል። አንዱ አጭርና ለስላሳ ነው፤ ሌላው እስከ ክንድ አጋማሽ የሚደርስ ሆኖ በውስጡ የብረት ሰሌዳ አለው፤ ሌላው ደግሞ ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። በማሸጊያው ላይ የሚነበበው ግን በአብዛኛው «ለአውራ ጣት ሕመም» የሚል ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው ምርጫው በዋጋ ወይም በጥንካሬ የሚወሰን አለመሆኑን ነው። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የታመመው የትኛው መገጣጠሚያ ወይም የትኛው ጅማት እንደሆነ ነው። ትክክለኛው መደገፊያ ያንን አንዱን ይዞ ሌላውን በነጻ የሚተው ነው። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ያለ ምርመራ የተደረገ መደገፊያ በአፋጣኝ መታከም ያለበትን ጉዳት ደብቆ ሊያቆይ ይችላል፤ ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

የኮርቻው መገጣጠሚያ

አውራ ጣት ሦስት መገጣጠሚያዎች አሉት። የመጀመሪያው ከጥፍሩ በታች ያለው ነው፤ ይህን የጫፍ መገጣጠሚያ እንበለው። ሁለተኛው ጣቱ ከመዳፍ የሚለይበት ሲሆን የመካከል መገጣጠሚያ እንለዋለን። ሦስተኛው ብዙ ሰው የጣቱ አካል መሆኑን እንኳ የማይገነዘበው፣ ከእጅ አንጓ አጠገብ በመዳፍ ሥጋ የተሸፈነው የሥር መገጣጠሚያ ነው። አውራ ጣትዎን በሰፊው ክብ ሲያዞሩት እንቅስቃሴው የሚመነጨው ከዚህ ከሦስተኛው ነው።

የሥር መገጣጠሚያ የሚሠራው ትራፒዚየም የተባለው ትንሽ የእጅ አንጓ አጥንት ከአውራ ጣት የመዳፍ አጥንት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። የሁለቱ አጥንቶች ገጽ ቅርጽ ኮርቻን ይመስላል። ፈረሰኛ በኮርቻ ላይ ሆኖ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዘንበል፣ በጥቂቱም መዞር እንደሚችል ሁሉ ይህም መገጣጠሚያ በሁለት አቅጣጫ ይታጠፋል፤ በመጠኑም ይዞራል። ነገር ግን ኮርቻ ፈረሰኛውን አጥብቆ እንደማይዘው ሁሉ የዚህ መገጣጠሚያ አጥንቶችም በቅርጻቸው ብቻ ተቆላልፈው አይቆዩም። የሚያጸኗቸው በዙሪያቸው ያሉት ጅማቶች ናቸው።

ስለ ጅማት ስንናገር አንድ ነገር መለየት ይኖርብናል። በአማርኛ በተለምዶ ጅማት የምንለው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው። አንደኛው ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያገናኘውና የጡንቻውን ጉተታ የሚያስተላልፈው ሲሆን ሁለተኛው አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያስረው ነው። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን ጎታች ጅማት፣ ሁለተኛውን አሳሪ ጅማት እያልን እንጠራቸዋለን። ልዩነቱ ለመደገፊያ ምርጫ ወሳኝ ነው።

በሥር መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ጭነት ከምንገምተው እጅግ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1977 ዊልያም ኩኒና ኤድመንድ ቻው ባሳተሙት ስሌት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫፍ 1 ኪሎ ግራም በሚያህል ኃይል ቆንጥጠን ስንይዝ በሥር መገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው ጭነት በአማካይ 12 ኪሎ ግራም ያህል መሆኑን አሳይተዋል። አጥብቀን ስንጨብጥ ደግሞ ጭነቱ እስከ 120 ኪሎ ግራም ሊደርስ እንደሚችል ገምተዋል።

ይህ እንዴት ይሆናል? መልሱ በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ስለ ሊቨር ከምንማረው ውስጥ ይገኛል። በርን ከእጀታው ይዞ መዝጋት ቀላል ሲሆን ከማጠፊያው አጠገብ ገፍቶ መዝጋት ግን ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። የአውራ ጣት ጫፍ ከሥር መገጣጠሚያው ብዙ ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ ጣቱን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ግን የሚጎትቱት ከመገጣጠሚያው አጠገብ ነው። ይህም ማለት ጡንቻዎቹ ዘወትር በሩን ከማጠፊያው አጠገብ ይገፋሉ ማለት ነው። በጫፉ ላይ ያለውን ትንሽ ኃይል ለመቋቋም በብዙ እጥፍ መጎተት አለባቸው፤ ጉተታውም ሁለቱን አጥንቶች እርስ በርስ ያፋጫቸዋል። የእርሳስ አያያዝ፣ የጠርሙስ ክዳን መክፈት፣ የታጠበ ልብስ መጭመቅና ሊጥ ማቡካት ይህን መገጣጠሚያ ለዓመታት የሚፈትኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ሕመሙ የት ላይ ነው?

መደገፊያ ከመግዛታችን በፊት በሌላው እጃችን ሌባ ጣት የታመመውን ቦታ ቀስ ብሎ መጫን ይጠቅማል። ሕመሙ የሚነሣበት ነጥብ ብዙ ይናገራል፤ ምንም እንኳ የመጨረሻው ውሳኔ የሐኪም ቢሆንም።

ሕመሙ ከአውራ ጣት በላይ፣ በእጅ አንጓ ጎን፣ አጥንቱ ጎበጥ ብሎ በሚዳሰስበት ቦታ ላይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚጠረጠረው የጎታች ጅማት ችግር ነው። በዚያ ቦታ ሁለት ጎታች ጅማቶች በአንድ ጠባብ ሰገባ ውስጥ ያልፋሉ። አንደኛው በአውራ ጣት የመዳፍ አጥንት ሥር ላይ፣ ሁለተኛው ከእርሱ በሚቀጥለው የጣት አጥንት ሥር ላይ ይያያዛሉ። ሰገባው ሲወፍር ጅማቶቹ እንደ ልብ መመላለስ ያቅታቸዋል። ስዊዘርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ፍሪትዝ ደ ኬርቫን እ.ኤ.አ. በ1895 የአምስት ሕሙማንን ሁኔታ በጽሑፍ ስላቀረበ ሕመሙ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

የደ ኬርቫን ሕመም በወላድ እናቶች ላይ ጎልቶ ይታያል። ሕፃኑን በብብቱ ሥር ይዘው ሲያነሱ አውራ ጣታቸው ወደ ውጭ ተዘርግቶ አንጓቸው ወደ ታች ይታጠፋል፤ ይህ አኳኋን በቀን ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ስለዚህም ሕፃኑን መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ ከመቀመጫውና ከጀርባው ሥር አቅፎ ማንሣት ከማንኛውም መደገፊያ ቀድሞ ሊመከር የሚገባው ነገር ነው። ስልክ በአንድ እጅ ይዞ በአውራ ጣት ብቻ ለረዥም ሰዓት የሚጽፍ ወጣትም ተመሳሳይ ቅሬታ ሲያሰማ ይደመጣል።

ይህን ሕመም ለመለየት በሰፊው የሚሠራበት ፈተና አውራ ጣትን በአራቱ ጣቶች ጨብጦ አንጓን ወደ ትንሿ ጣት በኩል ማዘንበል ነው። ብዙ መጻሕፍት ይህን የፊንክልስታይን ፈተና ይሉታል። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን አይክሆፍ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1927 የገለጸው ነው። የኒው ዮርኩ ሐኪም ሃሪ ፊንክልስታይን እ.ኤ.አ. በ1930 የገለጸው ፈተና የተለየ ነው፤ በእርሱ ፈተና መርማሪው ራሱ የሕመምተኛውን አውራ ጣት ይዞ እጁን በፍጥነት ወደ ትንሿ ጣት በኩል ይስበዋል። ልዩነቱ የታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጭብጥ የሚደረገው ፈተና ጤነኛውንም ሰው በመጠኑ ሊያሳምመው ስለሚችል አንባቢያችን በቤቱ ሞክሮት ጥቂት ስለተሰማው ብቻ ሕመምተኛ ነኝ ብሎ እንዳይደመድም እናሳስባለን።

ለዚህ ሕመም የሚመረጠው መደገፊያ ረዥሙ ነው። ሁለቱ ጅማቶች የእጅ አንጓን አልፈው ስለሚሄዱ አንጓው እየተንቀሳቀሰ አውራ ጣትን ብቻ መያዝ ጅማቶቹን አያሳርፋቸውም። በመሆኑም መደገፊያው ከክንድ ተነሥቶ አንጓንና የአውራ ጣትን የሥርና የመካከል መገጣጠሚያዎች መያዝ አለበት። የጫፍ መገጣጠሚያው ግን ነጻ መሆን ይችላል፤ ምክንያቱም እርሱን የሚዘረጋው ጎታች ጅማት የሚያልፈው በሌላ ሰገባ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር፦ በዚህ ሕመም ላይ በሐኪም እጅ ወደ ሰገባው የሚሰጠው የኮርቲኮስቴሮይድ መርፌ ከመደገፊያ ብቻ የተሻለ ውጤት ያሳያል። መደገፊያ ለብዙ ሳምንታት ተደርጎ ለውጥ ካልታየ በእርሱ ብቻ ተስፋ ማድረግ ተገቢ አይሆንም።

ሕመሙ ከዚያ ዝቅ ብሎ በአውራ ጣት ሥር፣ የመዳፉ ሥጋ በሚጀምርበት ላይ ከሆነና በተለይም ክዳን ሲከፈት ወይም ቁልፍ ሲዞር የሚብስ ከሆነ የኮርቻው መገጣጠሚያ ልም አጥንት መሳሳት ይጠረጠራል። ይህ ኦስቲዮአርትራይተስ በመባል የሚታወቀው የመገጣጠሚያ ሕመም ሲሆን ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ሴቶች ላይ በይበልጥ ይታያል። ለዚህ ረዥሙ መደገፊያ የግድ አያስፈልግም። በእጅ መዳፍ ላይ ብቻ የሚያርፍ፣ የሥር መገጣጠሚያውን የሚይዝ፣ አንጓንና የጣቱን ጫፍ ነጻ የሚተው አጭር መደገፊያ በአብዛኛው ይበቃል። አጭሩ የሚመረጥበት ምክንያት ቀላል ነው፦ ሰው ሥራ የማያሠራውን መደገፊያ አውልቆ ኪሱ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ በኪስ ያለ መደገፊያም ምንም አያክምም።

ሦስተኛው ቦታ የመካከል መገጣጠሚያው ነው፤ በተለይም ወደ ሌባ ጣት የሚያየው ጎኑ። እዚያ ያለው አሳሪ ጅማት አውራ ጣት ወደ ውጭ ሲገነጠል ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1955 ካምቤል የተባለ ሐኪም ይህን ጉዳት በስኮትላንድ የአደን ጠባቂዎች ላይ ገልጾታል። እነዚህ ሰዎች ጥንቸሎችን አንገታቸውን በመስበር ይገድሉ ስለነበር አሳሪ ጅማታቸው ቀስ በቀስ ይላላ ነበር። ዛሬ ግን ጉዳቱ የሚበዛው በበረዶ ላይ ሸርተቴ ተጫዋቾች ዘንድ ነው፤ ሲወድቁ የያዙት ዘንግ አውራ ጣታቸውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። በረዶ በሌለበት አገር ግብ ጠባቂው ኃይለኛ ኳስ በአውራ ጣቱ ሲመልስ፣ ወይም ብስክሌት ነጂው መሪውን እንደያዘ ሲወድቅ በዚሁ መንገድ ሊጎዳ ይችላል።

ጅማቱ በከፊል ብቻ ከተቀደደ የመካከል መገጣጠሚያውን አጥብቆ የሚይዝ፣ አንጓንና ጫፉን ነጻ የሚተው ጠንካራ መደገፊያ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲደረግ ጅማቱ ሊጠግግ ይችላል። ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስዊድናዊው ቀዶ ሐኪም በርቲል ስቴነር እ.ኤ.አ. በ1962 እንዳሳየው የተበጠሰው ጅማት ጫፍ አንዳንድ ጊዜ ከቦታው ወጥቶ በአጠገቡ ባለው የጡንቻ ሽፋን ላይ ይቀመጣል። ሽፋኑ በጅማቱና በአጥንቱ መካከል እንደ መጋረጃ ስለሚገባ ሁለቱ ዳግመኛ ሊገናኙ አይችሉም። በዚህ ሁኔታ የዓለም ምርጥ መደገፊያ ለአንድ ዓመት ቢደረግም ጅማቱ አይገጥምም፤ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። ቀዶ ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲደረግ ቀላል ሲሆን ከዘገየ ግን ጅማቱን እንደገና መሥራት ይጠይቃል። ቀደም ሲል መደገፊያ ጉዳትን ሊደብቅ ይችላል ያልነው ይህን ነው፦ ጣቱ ስለታሰረ ሕመሙ ይቀንሳል፤ ሰውየውም ተሻለኝ ብሎ ወርቃማውን ጊዜ ያሳልፋል።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ አደጋም አለ። አውራ ጣታችንን ወደ ላይ ስንዘረጋ በሥሩ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ይታያል። ሰው በተዘረጋ እጁ ላይ ወድቆ ይህ ጎድጓዳ ሲጫን ካመመው ስካፎይድ የተባለው ጀልባ መሰል የአንጓ አጥንት ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። የዚህ አጥንት ደም በአብዛኛው የሚገባው ወደ ጣቶቹ ባለው ጫፉ በኩል ነው። ስለዚህ ወገቡ ላይ ሲሰበር ወደ ክንድ ያለው ግማሽ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ስብራቱ በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ላይታይም ስለሚችል ሐኪሞች እጁን አስረው ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ ራጁን ይደግሙታል። በመውደቅ ወይም በመመታት የመጣ የአውራ ጣት ሕመም ሁሉ ከመደገፊያ መሸጫው በፊት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያለበት በእነዚህ በሁለቱ ምክንያቶች ነው።

ጣቱ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ የሚቆለፍ፣ በግድ ሲዘረጋም የሚፈናጠር ከሆነ ችግሩ በመዳፍ በኩል ያለው የጎታች ጅማት ሰገባ ስለሆነ ጣቱን ዘርግቶ የሚይዝ ትንሽ መደገፊያ ይበቃዋል። ሌሊት ሌሊት አውራ ጣትና ቀጥለው ያሉት ጣቶች የሚደነዝዙ ከሆነ ደግሞ የታመመው ጣቱ አይደለም፤ በአንጓ ውስጥ የተጨነቀ ነርቭ ነው። ለእርሱ የሚያስፈልገው አንጓን ቀጥ አድርጎ አውራ ጣትን ነጻ የሚተው መደገፊያ ነው።

መደገፊያ የሚሠራው እንዴት ነው?

ማንኛውም ጠንካራ መደገፊያ መገጣጠሚያን የሚይዘው በሦስት ነጥቦች በሚያሳርፈው ኃይል ነው። ሁለቱ ኃይሎች ከዳርና ከዳር ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋሉ፤ ሦስተኛው በመካከል ሆኖ ወደ ተቃራኒው ይገፋል። ቀጭን እንጨት በሁለት እጃችን ይዘን በጉልበታችን ላይ ስንሰብር የምናደርገው ይህንኑ ነው። የመካከሉ ኃይል የሁለቱ የዳር ኃይሎች ድምር ስለሆነ ቆዳችን በይበልጥ የሚጫነው በመካከል ነው። እንግዲህ መደገፊያ ስንመርጥ ከመገጣጠሚያው በላይ የሚያርፈው ክፍል ሰፊና ለስላሳ መሆኑን ማየት አለብን።

የመደገፊያው ርዝመትም የራሱ ድርሻ አለው። ለምሳሌ ያህል መገጣጠሚያውን ለማሳረፍ 0.6 ኒውተን ሜትር የማዞር ኃይል መቋቋም ያስፈልጋል እንበል። የመደገፊያው ዳር ከመገጣጠሚያው በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ቢያበቃ በዚያ ዳር የሚያስፈልገው ኃይል 12 ኒውተን ይሆናል። በ10 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢያበቃ ግን 6 ኒውተን ይበቃል። አሁን ደግሞ ማሰሪያውን እንይ። 12 ኒውተኑ ቆዳ ላይ የሚያርፈው 1 ሴንቲ ሜትር በ4 ሴንቲ ሜትር በሆነች ጠባብ ማሰሪያ አማካይነት ከሆነ ግፊቱ 30 ኪሎ ፓስካል ነው። 6 ኒውተኑ 3 ሴንቲ ሜትር በ5 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሰፊ ማሰሪያ ላይ ቢከፋፈል ግን ግፊቱ ወደ 4 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። በቆዳችን ረቂቅ የደም ሥሮች መግቢያ ላይ ያለው የደም ግፊት ከ4 ኪሎ ፓስካል ጥቂት ከፍ የሚል ብቻ መሆኑን ስናስታውስ የሁለቱ ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ግልጽ ይሆናል። ጠባቡ ማሰሪያ በሥሩ ያለውን ቆዳ ደም ይነፍገዋል፤ ሰፊው ግን ያሳልፋል።

ጥብቅ ማሰር ያለውን አደጋ አገራችን አሳምራ ታውቀዋለች። የስብራት ሕክምና በወጌሻ እጅ ለብዙ ዘመናት ሲሰጥ ኖሯል፤ ብዙ ሰውም ድኖበታል። ይሁን እንጂ እጅን ወይም እግርን በሸምበቆና በጨርቅ እጅግ አጥብቆ ማሰር ደም እንዳያልፍ ስለሚያደርግ ሥጋው ሞቶ እስከ መቆረጥ የደረሱ ሕሙማን በሐኪሞቻችን ጽሑፎች ተመዝግበዋል። የፋብሪካ መደገፊያም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። መደገፊያውን ካሰርን በኋላ የአውራ ጣታችንን ጥፍር ተጭነን ስንለቀው ነጩ ቀለም በ2 ሰከንድ ያህል ውስጥ ወደ ቀይነት መመለስ አለበት። ከዘገየ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ማሰሪያው ወዲያውኑ መላላት ይኖርበታል።

ስለ ቁሱ

ለስላሳዎቹ መደገፊያዎች በአብዛኛው የሚሠሩት ኒዮፕሪን ከተባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ኒዮፕሪን ሙቀት ይይዛል፤ ጣቱንም ሥራ ሳይከለክል እንቅስቃሴውን ይገድባል። መገጣጠሚያን ፈጽሞ አያቆምም፤ ስለዚህ ለተቀደደ አሳሪ ጅማት አይሆንም። ላብ ስለሚያጠራቅም በየጊዜው መታጠብ ይፈልጋል፤ በውስጡ ያሉት ኬሚካሎችም የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ ያሳክካሉ።

ጠንካሮቹ በባለሙያ በእጅ ላይ የሚቀረጹ ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ፖሊካፕሮላክቶን የተባለው ፖሊመር የሚገኝባቸው ሲሆን ይህ ፖሊመር በ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። ሰሌዳው ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ በሥርዓት ተደርድረው የነበሩት የሞለኪውል ሰንሰለቶች ይለቃቀቃሉ፤ ሰሌዳውም እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። ጥቂት ቀዝቀዝ እንዳለ በሕመምተኛው እጅ ላይ ሲቀረጽ ሰንሰለቶቹ እንደገና ተደርድረው ቅርጹን ይይዛሉ። ውኃ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ወደ 92 ዲግሪ ግድም ቢፈላም ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ከዚሁ ባሕርይ የተነሣ እንዲህ ያለ መደገፊያ በፀሐይ በተዘጋ መኪና ውስጥ ቢረሳ ቅርጹን ሊያጣ ይችላል።

ሳይንሳዊ ማስረጃው ምን ይላል?

በዚህ ጥያቄ ላይ አንባቢ ግልጽ መልስ ሊያገኝ ይገባዋል፤ ምክንያቱም መደገፊያ ሻጭ ይህን አይነግረውም። በፈረንሳይ አገር የሥር መገጣጠሚያ ኦስቲዮአርትራይተስ ባለባቸው 112 ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ሌሊት ብቻ የሚደረግ፣ በልክ የተሠራ መደገፊያ ፈትኗል። ከአንድ ወር በኋላ መደገፊያ ባደረጉትና ባላደረጉት መካከል የሕመም ልዩነት አልታየም። ከ12 ወር በኋላ ግን መደገፊያ ያደረጉት ሕመማቸው በግልጽ ቀንሶ ተገኝቷል።

በብሪታኒያ በ349 ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። በዚህ ጥናት ተሳታፊዎቹ ሁሉ ስለ እጅ አጠቃቀምና ስለ እጅ እንቅስቃሴ ልምምድ ጥሩ ትምህርት ተሰጥቷቸዋል። አንዱ ክፍል በተጨማሪ እውነተኛ መደገፊያ፣ ሌላው ክፍል ደግሞ መገጣጠሚያውን የማይደግፍ አስመሳይ መደገፊያ ተቀብሏል። ከ8 ሳምንት በኋላ በሦስቱ ክፍሎች መካከል የሕመም ልዩነት አልተገኘም።

ሁለቱ ጥናቶች የግድ አይጋጩም። የመጀመሪያው ረዥም ጊዜ ጠብቋል፤ መደገፊያውንም ያነጻጸረው ከተለመደው ሕክምና ጋር ነው። ሁለተኛው አጭር ጊዜ ጠብቆ ከጥሩ ትምህርትና ልምምድ ጋር አነጻጽሮታል። እኛ ከሁለቱ የምንረዳው በዚህ ሕመም ላይ የመደገፊያን ጥቅም በሁለት ሳምንት መለካት እንደማይቻልና እጅን በአግባቡ የመጠቀም ትምህርት ያላገኘ ሰው ውድ መደገፊያ ቢገዛም ዋናው ነገር እንደቀረበት ነው። ወፍራም እጀታ ያለው ብዕር፣ ክዳን ለመክፈት የሚያግዝ የጎማ ጨርቅ፣ ልብስን ከመጭመቅ ይልቅ አጥፎ ማንጠልጠልና ዕቃን በሁለት መዳፍ ማንሣት በመገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈውን ያን 12 እጥፍ ጭነት ከምንጩ ይቀንሱታል።

በመሸጫው ፊት

የታመመው ቦታ ከታወቀና የትኛው ዓይነት እንደሚያስፈልግ ከተወሰነ በኋላ መለኪያ ሜትር ይዞ መሄድ ይበጃል። የአንጓን ዙሪያና የመዳፍን ስፋት በሴንቲ ሜትር ለክቶ በማሸጊያው ላይ ካለው ሠንጠረዥ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። የግራና የቀኝ እጅ መደገፊያ የተለያዩ መሆናቸውንም ማረጋገጥ ይገባል፤ ለሁለቱም ይሆናል የሚባለው ብዙውን ጊዜ ለአንዱም በደንብ አይሆንም። መደገፊያውን ካሰሩ በኋላ አውራ ጣት ልክ ብርጭቆ እንደያዘ ከመዳፍ ራቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ሌሎቹ አራቱ ጣቶች ያለ እንቅፋት መጨበጥ፣ የሌባ ጣት ጫፍም የአውራ ጣትን ጫፍ መንካት መቻል አለባቸው። የመደገፊያው ጠርዝ በመዳፍ ላይ ካሉት የመታጠፊያ መስመሮች ካለፈ ይረዝማል፤ ሌላ መጠን ይጠየቅ።

ለኦስቲዮአርትራይተስም ሆነ ለደ ኬርቫን ሕመም መደገፊያ ቀንና ሌሊት አይደረግም። በደ ኬርቫን ሕመም ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት መደገፊያውን ሁልጊዜ ባደረጉትና ሲሻቸው ብቻ ባደረጉት ሕሙማን መካከል የውጤት ልዩነት አላገኘም። የማይንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ይደርቃል፤ ጡንቻውም ይሰልላል። ስለዚህ መደገፊያውን በቀን ጥቂት ጊዜ አውልቆ አውራ ጣትን ከትንሿ ጣት ሥር እስከ ሌባ ጣት ጎን ድረስ በክብ ማዞር፣ ሌባ ጣትንም በሌላው እጅ ተቃውሞ ላይ ወደ አውራ ጣት በኩል መግፋት ይመከራል፤ ይህ የመጨረሻው ልምምድ የኮርቻውን መገጣጠሚያ የሚያጸናውን ጡንቻ ያጠነክራል። ልምምዱ ሳያሳምም መደረግ አለበት። ለተቀደደ አሳሪ ጅማትና ለስብራት ግን ይህ ምክር አይሠራም፤ እነርሱ ሐኪሙ እስከሚፈቅድ ድረስ ሳይወልቁ ይቆያሉ።